ኳሱን አትቅደዱበት፣ ሜዳው ዳር ቁሙለት



በእብናትም በደብረ ታቦርም ብዙ ወላጆቻችን ዘንድ አንድ አባባል ተለምዷል፦ «ኳስ የዱርዬ ሥራ ነው»። ልጁ ከአስር ሶላት በኋላ ሜዳ መውጣቱ ሲታወቅ አባት ይቆጣል፣ ጫማውን ይደብቃል፣ ኳሱን በቢላ ይቀደዋል። አንዳንዱ ደግሞ ለቁጣው የዲን ካባ ያለብሰውና «ሐራም ነው» ብሎ ይገላገላል። ይህን ሰምተን ዝም አንልም። አላህ ያልከለከለውን ሐራም ማለት ቀላል ወንጀል አይደለምና።

ጨዋታ ከዲን ውጭ ነው የሚል ሰው የመዲናን መስጂድ ያስታውስ። በዒድ ቀን እዚያው መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ የነበሩት እነማን ናቸው? የእኛው ሐበሾች ናቸው! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም፤ ጭራሽ አዒሻን (ረ.ዐ) ከኋላቸው አቁመው እስኪበቃት ድረስ አሳዩዋት። ዑመር (ረ.ዐ) በጠጠር ሊያባርሯቸው ቢነሱ እንዲተዋቸው ታዘዙ። ቀስት የሚወረውሩ ሰሓቦችንም አልፈዋቸው አልሄዱም፤ ቆመው አበረታቷቸው። ልብ በሉ፤ የፈቀዱት ብቻ ሳይሆን ቆመው ያዩት ጭምር ነው። ታዲያ ከእሳቸው በላይ ሥራ የበዛበት አባት ማን ነው?

አዎ፣ ሸርጥ አለው። ሶላት እንዳያልፍ፣ ዐውራ እንዳይገለጥ፣ ስድብና ጠብ እንዳይገባበት፣ ቁማር እንዳይቀላቀልበት። እስኪ እንጠይቅ፦ እነዚህን ሁሉ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻውን ይጠብቃቸው? አባት ሜዳው ዳር ቢቆም ጨዋታው ከመግሪብ አዛን በፊት ያልቃል። ቁምጣውን አባት ከገዛው ከጉልበት በታች ይወርዳል። የአባቱን ዓይን ያየ ልጅ አይሳደብም። ሸርጡን የሚያስከብረው የወላጅ መገኘት እንጂ የወላጅ እርግማን አይደለም።

የተከለከለ ልጅ ኳስ አይተውም፣ ተደብቆ ይጫወታል እንጂ። ሳዲዮ ማኔ በሴኔጋል ባምባሊ መንደር የኢማም ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ኳስ ስላልወደደለት ሳይናገር ወደ ዳካር ጠፍቶ ሄደ። እሱን አላህ ረዳው፤ ተመልሶም ለመንደሩ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አሠራ። ግን ከቤት የጠፋ ልጅ ሁሉ ማኔ አይሆንም። አብዛኛው አውቶቡስ ተራ ላይ ነው የሚቀረው።

ከዚህ የከፋም አለ። ዛሬ በየከተማው ለልጆቻችን ስለ ኳስ የሚያወራላቸው ማን ነው? ቤቲንግ ቤቱ! አባት የልጁን ግብ ቆሞ ለማየት ጊዜ ሲያጣ፣ አቋማሪው የአውሮፓን ጨዋታ በስልኩ ይዞለት ይመጣል። ሜዳ ላይ የሚሮጥ ልጅ ላቡን ያፈሳል፤ ቲኬት የሚቆርጠው ግን ዲኑንም ገንዘቡንም ያፈሳል። መይሲር ሐራምነቱ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ቁጣችን ሁሉ በጨርቅ ኳስ ላይ ማለቁ ምን ይባላል?

ድጋፍ ስንል ግን ልጅን ገበያ ማውጣት ማለታችን አይደለም። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ሪከርድ ሲሰብር ያየ አባት ሁሉ ልጁን በዱላ «አንተም እንደሱ» እያለ ቢያስሮጥ በደል ነው። ለታዳጊ ቡድን ብሎ ዕድሜ ማስቀነስም ውሸት ነው። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። ማሽኑን ያመለጠ ቢኖር እንኳ አላህን አያመልጥም። ልጁ ቁርአኑን ይቅራ፣ ትምህርቱን ይማር፣ ኳሱንም ይጫወት። ሦስቱን የሚያስማማለት ወላጅ ነው።

እናንተ ወጣቶች ሆይ! ይህ ጽሑፍ ለአባቶች ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድም የሆናችሁ፣ ትናንት ኳሳችሁ የተቀደደባችሁ፣ ነገ አባት የምትሆኑ ናችሁ። በሰፈራችሁ አባቱ የማይመጣለት ልጅ አለ፤ አባት የሌለው የቲምም አለ። ሂዱና ዳር ቁሙለት። ውሃ ያዙለት። አዛን ሲል እጁን ይዛችሁ ወደ መስጂድ ውሰዱት። ልጅ አማና ነው፤ ሜዳ ላይም አማናነቱ አይቀርም።

አላህ ልጆቻችንን ሷሊሕ ያድርግልን፤ ለወላጆቻችንም ማስተዋልን ይስጥልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም።