የኳስ ተጫዋቾቹ ስም

አንዋር ኤል ኢብራሂሚ ዱላውን፣ ውኃውንና ኤሌክትሪኩን መቋቋም ሲያቅተው ስም መጥራት ይጀምራል። ጥግ ይዞ ምርመራውን የሚከታተለው ወጣት የሲአይኤ ባልደረባ ግን ነገሩ አልዋጥ ይለዋል። በዓመት 200,000 ዶላር የሚያገኝ መሐንዲስ ለ40,000 ዶላር ብሎ ከቦምብ ሠሪዎች ጋር ይዶልታል? ስሞቹን ኮምፒውተር ላይ ሲፈልጋቸው የግብፅ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ሆነው ያገኛቸዋል፤ አንዋር ከአገሩ በወጣበት በ1990 የነበረው ቡድን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው የሚናገረው ቢያጣ ከልቡ የማይጠፉትን ስሞች ደረደረላቸው።

ትዕይንቱ የሚገኘው በ2007 በወጣው «ሬንዲሽን» ፊልም ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ጋቪን ሁድ በ«ጾጺ» ፊልሙ ለአገሩ ለደቡብ አፍሪካ ኦስካር ያስገኘ ሰው ነው። ጄክ ጂለንሃል፣ ሪስ ዊዘርስፑንና ሜሪል ስትሪፕ ተሰልፈውለት እንኳ ፊልሙ በገበያ አልቀናውም። ድክመቱም አይካድም። ከኬፕታውን ስብሰባ ሲመለስ ዋሽንግተን ላይ ተይዞ ስሙ ወደማይጠራ የሰሜን አፍሪካ አገር የተጋዘውን አንዋርን በመጨረሻ የሚያስፈታው የአንድ አሜሪካዊ ሕሊና ነው፤ ይህ ተመልካችን ለማጽናናት የተበጀ ፍጻሜ ነው። የስሞቹ ትዕይንት ግን ስለ ፀረ ሽብር ዘመቻው ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ እውነቱን በቀጥታ የነካ ነው። ሰውን ብታሠቃየው የሚነግርህ አንተ መስማት የፈለግከውን ነው። ያ ደግሞ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ከጊዜ በኋላ ሌላ ሰው ይበላል።

ማኸር አራርን እንመልከት። ሶርያ የተወለደው ይህ ካናዳዊ መሐንዲስ በሴፕቴምበር 2002 ኒው ዮርክ ላይ አውሮፕላን ሊቀይር ሲል ተይዞ በዮርዳኖስ በኩል ለሶርያ ተሰጠ። መቃብር ብሎ በጠራት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወራት ቆጠረ። በኬብል ሲገረፍ አፍጋኒስታን ሠልጥኛለሁ ብሎ አመነ፤ አፍጋኒስታንን ግን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። ካናዳ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁማ ነፃነቱን ካረጋገጠች በኋላ በ2007 ይቅርታ ጠየቀችው፤ 10.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላርም ካሠችው።

የኢብን አል ሼክ አል ሊቢ ታሪክ የባሰ ነው። በ2001 መጨረሻ ተይዞ ለግብፅ መርማሪዎች ተላልፎ የተሰጠው ይህ ሊቢያዊ ኢራቅና አልቃይዳ ስላላቸው ግንኙነት ተጠየቀ። ምንም አያውቅም ነበር። ኋላ ለሲአይኤ እንደተናገረውና የአሜሪካ ሴኔት የደህንነት ኮሚቴ በ2006 ሪፖርቱ እንዳሰፈረው፣ ቁመቱም ስፋቱም ግማሽ ሜትር ያህል በሆነ ሣጥን ውስጥ 17 ሰዓት ያህል ታጥፎ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ከዚያም ተደበደበ። ታሪክ ፈጠራ ቢያስቸግረው የሚያውቃቸውን የእውነተኛ ሰዎች ስም ተጠቀመ፤ እንዳይጠፉት። ከአንዋር ኳስ ተጫዋቾች ጋር ያለው መመሳሰል ያስደነግጣል። የአሜሪካ መከላከያ የስለላ ድርጅት ገና በፌብሩዋሪ 2002 ይህ ሰው ሆን ብሎ ሳያሳስት አይቀርም ሲል ጽፎ ነበር። ጥርጣሬው ግን መዝገብ ውስጥ ቀረ። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የወቅቱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቆመው ኢራቅ ለአልቃይዳ የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ ሥልጠና ሰጥታለች ሲሉ የተናገሩት የዚህን ሰው ቃል ይዘው ነበር። በቀጣዩ ወር ኢራቅ ተወረረች። አል ሊቢ ቃሉን ያጠፈው በ2004 ነው፤ በ2009 ሊቢያ እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ይህን ለሚያውቅ ሰው በ2012 የወጣውን የካትሪን ቢግሎውን «ዜሮ ዳርክ ሰርቲ» ማየት ይከብዳል። ፊልሙ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የቢንላደንን ግቢ የከበበው የሌሊት ዘመቻ በተለይ እጅ ያስነሣል። ነገር ግን መነሻው ላይ የሚታየው ሥቃይ ወደዚያ ግቢ የሚወስደውን መንገድ የከፈተ ይመስላል። ሦስት ሴናተሮች፣ ዳያን ፋይንስታይን፣ ካርል ሌቪንና ቬትናም ውስጥ ራሳቸው በእስር የተሠቃዩት ጆን ማኬይን፣ ፊልሙ ሕዝብ ያሳስታል ብለው ለሶኒ ፒክቸርስ ደብዳቤ የጻፉት በዚሁ ምክንያት ነው። በዲሴምበር 2014 አጭር ቅጂው ይፋ የሆነው፣ የሲአይኤን የእስርና የምርመራ ፕሮግራም የመረመረው የሴኔቱ ሪፖርት ስለ ቢንላደን መልእክተኛ እጅግ ትክክለኛውን መረጃ የሰጠው እስረኛ ሥቃዩ ሳይጀመርበት እንደተናገረ አስፍሯል። ይህንኑ ሪፖርት ያዘጋጀውን ሰው ታሪክ አዳም ድራይቨር በ2019 «ዘ ሪፖርት» ላይ ተጫውቶታል። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ነው የምናየው፤ ተኩስ የለም፣ ሩጫ የለም። ልብ አንጠልጣይ ያደረጉት ቁጥሮቹ ናቸው፦ 119 እስረኞች፣ ከእነርሱ ውስጥ ቢያንስ 26ቱ ያለ አግባብ የተያዙ፤ አንዱ ሰው 183 ጊዜ በውኃ የታፈነ፤ የምርመራ ዘዴውን ለነደፉት ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ኩባንያ የተከፈለ 81 ሚሊዮን ዶላር።

ከእኛ ምድር የተነሣም ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ኢትዮጵያ ተወልዶ በ1994 ብሪታንያ ጥገኝነት የጠየቀው ቢንያም መሐመድ በኤፕሪል 2002 ካራቺ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በሐሰተኛ ፓስፖርት ሲጓዝ ተያዘ። በጁላይ ወደ ሞሮኮ ተወሰደ። እንደ ቃሉ፣ በዚያ በቆየበት ዓመት ተኩል ሰውነቱ በስለት ተተልትሏል። ከዚያ ካቡል ወዳለ ጨለማ እስር ቤት፣ በመጨረሻም ወደ ጓንታናሞ ተላከ። አሜሪካ ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ቦምብ ሊያፈነዳ አሢሯል የተባለበት ክስ በ2008 ተነሣ፤ በፌብሩዋሪ 2009 ለንደን ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዋሽንግተኗ ዳኛ ግላዲስ ኬስለር አንድ አልጄሪያዊ ጓንታናሞ የታሰረበትን ማስረጃ ሲመረምሩ የቢንያምን ቃል አገኙ። ሥቃዩ እውነት ነው፣ በሥቃይ የወጣ ቃል ደግሞ አይታመንም ብለው ውድቅ አደረጉት፤ የአልጄሪያዊውንም እስር ሕገ ወጥ አሉት። ከሥቃይ የመነጨ ቃል፣ ዓመታት አልፎ፣ የሌላ አገር ሰው ላይ ማስረጃ ሆኖ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ እነዚህን ፊልሞች የሚያይ ሰው ማስረጃ ከአሜሪካ መጠበቅ የለበትም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2013 ማዕከላዊ ስለተባለው የአዲስ አበባ የምርመራ እስር ቤት ያወጣው ሪፖርት ተይዘው የነበሩ ሰዎች በዱላ እንዲያምኑ መደረጋቸውን ይዘረዝራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ብሎ ደንግጎ ሳለ ነው ይህ የሆነው። ማዕከላዊ በ2018 ተዘግቷል። በዚያ ቤት የተፈረሙ የእምነት ቃሎች የትኞቹን ፍርዶች እንደደገፉ አንድ በአንድ መመርመር ግን ግቢውን ከመዝጋት የሚያንስ ሥራ አይደለም፤ ከቃሉ ባለቤት ሌላ በቃሉ ስማቸው የተጠራ ሰዎችም አሉና።

«ሬንዲሽን» አንዋርን ቺካጎ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አገናኝቶ ይጨርሳል። ቢንያምና ሌሎች አራት ሰዎች ግን እስረኞቹን ያጓጓዙትን በረራዎች አመቻችቷል ያሉትን፣ በወቅቱ የቦይንግ ንብረት የነበረውን ጄፕሰን የተባለ ድርጅት ካሊፎርኒያ ከሰሱ። የአሜሪካ መንግሥት በጉዳዩ ገብቶ የመንግሥት ምስጢር ይወጣል አለ። በሴፕቴምበር 2010 የይግባኙ ፍርድ ቤት በስድስት ለአምስት ድምፅ መዝገቡን ዘጋ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በቀጣዩ ዓመት አላየውም አለ። በልዩነት የቆሙት አምስቱ ዳኞች ከሳሾቹ በአደባባይ በሚታወቀው ማስረጃ ብቻ ክሳቸውን እንዲያስረዱ ዕድል ሊሰጣቸው ይገባ ነበር ብለው ጽፈዋል። ቀጣዩን ፊልም የሚሠራ ሰው ካለ ካሜራውን ከምርመራው ክፍል አውጥቶ ወደዚህ ችሎት ቢወስደው መልካም ነው፤ ተከራካሪዎቹም ክርክሩም ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል።