ግራጫው ካቢኔት ምጣዳችንን አያስወጣብን!

ይድረስ ለሕንፃችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በዚሁ ሰሌዳ ላይ ባለፈው ሳምንት የተለጠፈውን ባለ ቀለም ወረቀት ሁላችንም አይተነዋል። አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት የያንዳንዱን ቤት ማድቤት በአንድ ዓይነት ግራጫ የእንጨት ልባስ፣ በግራም በቀኝም፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ በጅምላ ዋጋ ሊሠራልን ዝግጁ መሆኑን ገልጿል። የማኅበራችን ኮሚቴም ጉዳዩን ለእሑዱ ጠቅላላ ስብሰባ አቅርቦታል። ሥዕሉ ያምራል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ሥዕሉ ውስጥ ምጣድ የለም፤ ቡሃቃ የለም፤ የውሃ በርሜል የለም፤ ሰውም የለም። ያለው አንድ ሳህን ሎሚ ብቻ ነው። ኧረ ለመሆኑ ይህን ሁሉ ብር የምናወጣው ሎሚ ልናስቀምጥበት ነው እንዴ?

እስቲ ከሁሉ በፊት ሜትር ይውጣ። የማድቤታችን ወርድ 1 ሜትር ከ60 ነው። በሁለቱም በኩል የ60 ሳንቲ ሜትር ካቢኔት ሲገጠም መሐል ላይ የሚተርፈው 40 ሳንቲ ሜትር ነው። በ40 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሰው ጎንበስ ብሎ የታችኛውን መዝጊያ ሊከፍት አይችልም፤ መዝጊያው ራሱ ተከፍቶ አያልቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ አግድመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ታዲያ የት ይቀመጥ? ድርጅቱ ይህን ሲጠየቅ “በረንዳ ላይ ይሆናላ!” አለን።

በረንዳ ላይ! ምጣድ እኮ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ግድም መሆኑ ነው። በረንዳችን ላይ ይህን የሚሸከም መስመር የለም፤ ስለዚህ ነገሩ የሚሄደው ሁላችንም ወደምናውቀው ወደ ቀጭኑ የማራዘሚያ ገመድ ነው። ገመዱ ይግላል፤ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለመናገር አንፈልግም። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ከሰል ይመጣል። የካቢኔቱ የላይኛው ክፍል እስከ ጣሪያ ሲደርስ የአየር መውጫውን ቀዳዳ እንደሚደፍነው ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። የከሰል ጭስ አልባው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ከምድጃው በላይ ይሰቀላል የተባለው ማራገቢያም ቧንቧ ወደ ውጭ ካልወጣለት አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ እዚያው የሚነፋ ነው። ቅባቱንና ሽታውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ያንን መርዝ አያወጣውም።

ግራጫን ጠልተን አይደለም። ግራጫ እንጨት ለኛ አዲስ ነገርም አይደለም፤ ያልተቀባ የባሕር ዛፍ አጥር ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት በጥቂት ዓመት ውስጥ አመድማ ይሆናል። እኛ ይህን ስናይ “አጥሩ አረጀ” እንላለን፤ ካታሎጉ “ዘመናዊ” ይለዋል። ይሁን፣ የዓይን ጉዳይ ነው። ይሁንና የሚሸጥልን እንጨት እንዳይመስለን። ውስጡ የተፈጨ እንጨት በማጣበቂያ ተጠፍጥፎ የተሠራ ሰሌዳ ነው፤ ከላይ የምናየው የእንጨት መስመርም ወረቀት ላይ ታትሞ በሙጫ የተለጠፈ ነው። የእንጨት ፎቶግራፍ ነው ማለት ይቻላል። እናቶቻችን እንጨትን በሥራው ይለዩት ነበር፤ ዋንዛውን ለበርና ለቁም ሣጥን፣ ወይራውን ለማጠኛ። እኛ በቀለሙ ልንመርጥ ነው።

በእንጀራ ቀን ምን እንደሚሆን እናስብ። 30 እንጀራ የሚጋገር ከሆነ አክንባሎው 30 ጊዜ ይነሳል፤ 30 ጊዜ እንፋሎት ሽቅብ ይወጣና ከላይኛው ካቢኔት ሥር ይመታል። እርጥበቱ በጠርዙ ገብቶ ሰሌዳውን ያሳብጠዋል፤ አንዴ ያበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ከመካከላችን በአንደኛው ቤት የዛሬ ሁለት ዓመት የተገጠመው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል፤ ገጣሚው ስልክ ማንሳት አቁሟል። ሌላም አለ። እንጨት እንዲመስል ተብሎ ሸካራ የተደረገው ገጽ የቁሌቱን ቅባት በመስመሩ ውስጥ ይዞ ያስቀራል፤ ጠቆር ያለው ግራጫ ደግሞ ብርሃን ይበላል። ነጭ ቅብ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ10 እጅ 8ቱን ያህል ይመልሳል፤ ጥቁር ግራጫ 2 እጅ እንኳ ላይመልስ ይችላል። አንድ ትንሽ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ይህ ማለት በቀትር አምፖል ማብራት ነው።

ከኮሚቴው በኩል “የአውሮፓ ስታይል ነው፤ ለጠባብ ማድቤት የታሰበ ነው” የሚል መልስ ሰምተናል። ስለ አውሮፓ ከተነሳማ እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች አንድ ማድቤት ነደፈች። ወርዱ 1 ሜትር ከ90፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40 ያህል ነበር፤ ከኛው ብዙም የሚሰፋ አይደለም። 10,000 ያህል ቤቶች ውስጥ ተገጠመ። ሴትዮዋ የጀመረችው ከቀለም አልነበረም። የምታበስለው ሴት ስንት እርምጃ እንደምትሄድ ለካች፤ የሥራውን ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር አደረገች፤ ተቀምጣ የምትሠራበት በርጩማም አሰበችላት። የዱቄቱን መሳቢያ ነቀዝ እንዳይገባው ከኦክ እንጨት አሠራችው። ቀለሙን እንኳ ሰማያዊ ያደረገችው ዝንብ ሰማያዊ አይወድም ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። እንግዲህ የአውሮፓ ማድቤት ይኸውላችሁ! እኛ ከአውሮፓ የወሰድነው ሎሚውን ብቻ ነው።

በኛ ሕንፃ ግን ማን ምን ለካ? ሜትር ይዘው ቤት ለቤት የዞሩት ሦስት የተከበሩ የኮሚቴ አባሎቻችን ናቸው። ሳናስቀይም እንጠይቅ፤ ከሦስቱ መካከል እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ አለ? ማድቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚቆሙት እናቶችና የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ማንም አልጠየቃቸውም። እሑድ ስብሰባውም የሚጠራው እነሱ ምሳ በሚሠሩበት ሰዓት ነው።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ካቢኔት በአንድ በኩል ብቻ ይገጠም፤ 1 ሜትር መተላለፊያ ይቅር። ከእሱ መሐል 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ለምጣድ ክፍት ይተው፤ ከበላዩ ምንም አይሰቀል፤ ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም መስመርና ብሬከር ይሳብለት። ውሃ በፈረቃ ነውና የበርሜሉም ቦታ በንድፉ ላይ ይታይ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ይህ ሰሌዳ ፈጽሞ አይግባ፤ ብሎኬትና ሴራሚክ ይበቃዋል። ሌላው ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በፕላስቲክ እግር ይቁም፤ ጠርዙም በሚታየው በኩል ብቻ ሳይሆን በአራቱም ጎን ይታሸግ። የአየር መውጫውን የሚነካ ሰው ከማኅበሩ ጋር ይጣላል። ቀለሙን በተመለከተ ግራጫ የሚወድ ታችኛውን በፈዛዛ ግራጫና በለስላሳ ገጽ ያሠራ፤ ግድግዳውና የላይኛው ነጭ ይሁን። የማይወድ አይገደድ።

ድርጅቱ ሰሌዳው ውሃ እንደማይፈራ በወረቀቱ ላይ ጽፏል። እንግዲያው ቅዳሜ ማታ አንድ ቁራጭ ይስጠን። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር መሆኑ በጥበቃው ፊት ተለክቶ ውሃ ውስጥ ይደር፤ እሑድ በሁላችን ፊት ወጥቶ እንደገና ይለካ። ባልዲውን እኛ እናመጣለን።

ጥቂት የሕንፃው ነዋሪዎች