የካርድ ክምርና የራት ሰዓት



ባለፈው ወር አንድ ወጣት ባልና ሚስት ምክር ፈልገው ወደ ቤታችን መጡ። እሱ የባንክ ሥራውን ትቶ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ትንንሽ ሱቆች በስልክ ዕቃ የሚያዝዙበትን አገልግሎት ጀምሯል። ባለሀብትና ደንበኛ ለማግኘት በሳምንት ሦስት አራት ምሽት ስታርትአፖች ወደሚሰባሰቡበት መድረክ ይሄዳል። እሷ አንገቷን ደፍታ፣ "እትዬ፣ ቤታችን ሆቴል ሆኗል፤ ለመኝታ ብቻ ነው የሚመጣው" አለችኝ። ያጠራቀሙት ገንዘብም እያለቀ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ባልየው ከሰው ልተዋወቅ ማለቱ ስሕተት አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎች ያን ሰው ምን ያህል ያገኙት እንደ ነበር ጠይቀዋል። አዘውትረን እናገኘው ነበር ያሉት 17 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ለቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነበር። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው፤ አዲስ ነገር የሚመጣው ከራቅ ካለው ሰው ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው አይስአዲስ፣ በ2017 ደግሞ በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የተመሠረተው ብሉሙን ለጀማሪዎች የከፈቱት አንዱ በር ይኸው መገናኘት ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? "እስቲ የሰበሰብካቸውን ካርዶች አሳየኝ" አልኩት። ከቦርሳው ስልሳ የሚያህሉ አወጣ። "መልሰህ የደወልክላቸው ስንት ናቸው?" ስለው "አራት" አለ። ከቀሩት አንዱ የዋጋ ዝርዝር የጠየቀው የጅምላ ነጋዴ ነው። "ነገ እልክልሃለሁ" ካለው ሁለት ወር አልፏል። ይህን ጊዜ ሚስቱ ቀስ ብላ፣ "ለእኔም 'አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ' ይለኛል" አለች። ቤቱ ጸጥ አለ።

ወገኖቼ፣ ትውውቅ ማለት ካርድ መለዋወጥ አይደለም፤ ትንሽ ቃል ሰጥቶ ያንን መጠበቅ ነው። የሚስቱን ቃል የዘነጋ ሰው የነጋዴውንም መዘንጋቱ አይቀርም። ስለዚህ አብረን ይህን ተስማማን፦

በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ይሂድ፤ ምሽቱንም ሁለቱ ተማክረው ይምረጡ። ሲሄድ አንድ ግልጽ ጥያቄና ለሌላው የሚጠቅም አንድ ነገር ይዞ ይሂድ። የሚቀበል ብቻ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ቃል የገባውን በካርዱ ጀርባ ጽፎ በሁለት ቀን ውስጥ ይፈጽም። አንዳንዴም ሚስቱን ይዟት ይሂድ፤ እሱ ያላስተዋለውን ሰው እሷ ታስተውላለች።

አንድ ነገር ጨምሬ አስጠነቀቅሁት። በእቁብ፣ በእድር ወይም በጉባኤ የምናውቀው ሰው ገንዘብ ሲያወጣ "ወንድሜ ነው" ተብሎ ብቻ አይቀበሉት። ድርሻው፣ ትርፉና ኪሳራው በጽሑፍ ይስፈር። ስንት ወዳጅነት በቃል ስምምነት ፈርሷል!

በሳምንቱ ለነጋዴው ደወለ። ነጋዴው ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋውሎ ቆይቶታል። ይቅርታ መጠየቁ ግን ደስ ስላሰኘው ከሁለት ባለሱቆች ጋር አገናኘው። ሚስቱም ደውላልኝ ነበር፤ ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ።

እናንተስ፣ በኪሳችሁ ያለ፣ ቃል የገባችሁለት ካርድ የማን ነው? ቤት የሚጠብቃችሁስ?