ሴንሰር ከመግዛት በፊት የውሃው ተራ ይታይ

ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ፣ በዓለም ገበያ ከ10 የአሜሪካ ዶላር በታች የሚሸጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማሳን በቴክኖሎጂ የመከታተል ሥራን ከትላልቅ ኩባንያዎች እጅ አውጥቶ ወደ ተማሪዎችና ጀማሪ ድርጅቶች አምጥቶታል። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ያቀረበው ኢኤስፒ32 የተሰኘ ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም አንድን ሥራ ደጋግሞ እንዲሠራ ፕሮግራም የሚጫንበት አነስተኛ ኮምፒውተር፣ ዋይፋይና ብሉቱዝን በአንድ ቺፕ ላይ ይዟል። የአፈር እርጥበት፣ የሙቀት ወይም የውሃ ከፍታ መለኪያ ሴንሰር ሲገጠምለት ልኬቱን ራሱ አንብቦ ያለ ገመድ ይልካል።

እንዲህ ያለው ኪት ለጋሞ ዞን መስኖ ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሰሌዳው ጥራት ብቻ አይገኝም። ወሳኙ ነገር ውሃው መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ይህ ሳይለይ ሴንሰር የሚገዛ ወረዳ ቁጥር ያገኛል፤ በቁጥሩ የሚለወጥ ሥራ ግን ላያገኝ ይችላል።

ተራ የሚጠብቅና ፓምፕ ያለው

ከደጋው ተነስቶ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው የሀሬ ወንዝ የጫኖ አካባቢን የሙዝ ማሳዎች ያጠጣል። ኩልፎ የአርባ ምንጭ ከተማን አቋርጦ፣ ሲሌም በበኩሉ ወደ ጫሞ ሐይቅ ያመራሉ። በእነዚህ ወንዞች ላይ ያለው መስኖ በአብዛኛው የሚሠራው ውሃን ከወንዝ በመጥለፍ፣ በቦይ በማከፋፈልና በተራ በማጠጣት ነው።

በተራ በሚጠጣ ማሳ ላይ የአፈር እርጥበት ሴንሰር ተተከለ እንበል። ሴንሰሩ ሰኞ ዕለት “አፈሩ ደርቋል” ብሎ መልእክት ይልካል፤ የአርሶ አደሩ ተራ ግን ቅዳሜ ነው። መልእክቱ ትክክል ቢሆንም የሚፈጽመው ሥራ የለም። ቅዳሜ ተራው ሲደርስ ደግሞ ሴንሰሩ “በቂ ነው፣ ዝጋ” ቢለው እንኳ አርሶ አደሩ አይዘጋም። ቀጣዩ ተራ በሰዓቱ ስለመምጣቱ ዋስትና የሌለው ሰው ውሃ ባገኘበት ቀን ማሳውን ቢያጥለቀልቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ በተራ በሚመራ መስኖ ውስጥ የመጀመሪያው ሴንሰር መቀመጥ ያለበት በአርሶ አደሩ ማሳ ሳይሆን ውሃ በሚከፋፈልበት በር ላይ ነው። በዋናው ቦይ ራስጌ ምን ያህል ውሃ እንደገባና ግርጌው ላይ ምን ያህል እንደደረሰ በየሰዓቱ ከታወቀ፣ የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ የሚከራከሩበት ነገር ከግምት ወደ ልኬት ይሸጋገራል። ተራውም ሊታመን የሚችለው ያኔ ነው።

ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከጉድጓድ በራሱ ፓምፕ የሚያጠጣ አርሶ አደር ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳውም የሚያጠፋውም ራሱ ነው፤ ለነዳጁም የሚከፍለው ከኪሱ ነው። በ1 ሄክታር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ውሃ ማጠጣት ማለት 100 ሜትር ኩብ ውሃ መሳብ ማለት ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ ለሙዝ የሚመክረው፣ አፈሩ ሊይዝ ከሚችለውና ተክሉ ሊጠቀምበት ከሚችለው ውሃ ሲሶ ያህሉ ሲያልቅ እንዲጠጣ ነው። ይህን ነጥብ የሚያሳይ ሴንሰር ካለ ሳያስፈልግ የሚነሳ ሞተር ይቀራል፤ ጥቅሙም በዚያው ወቅት በነዳጅ ወጪ ላይ ይታያል። የአፈር ሴንሰር መጀመር ያለበትም እዚህ ነው።

ባትሪው የሚነግረን

ኪቱን ለመገምገም የመጀመሪያው ፈተና የኃይል ፍጆታው ነው። እዚህ ላይ የቺፑን መግለጫ ከሰሌዳው ጋር አለማምታታት ያስፈልጋል። ቺፑ ብቻውን በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሳለ የሚወስደው ኤሌክትሪክ 0.01 ሚሊ አምፒር አካባቢ ነው። ለሙከራ የሚሸጠው ሰሌዳ ግን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ተጨማሪ ቺፕ፣ የኃይል መቆጣጠሪያና ሁልጊዜ የምትበራ ትንሽ መብራት ስላሉበት፣ ተኝቶም እያለ እስከ 10 ሚሊ አምፒር ሊበላ ይችላል።

ልዩነቱን በሒሳብ እንየው። 2 ሺህ 500 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ አንድ የሊቲየም ባትሪ ተጠቀምን እንበል። መሣሪያው በየሰዓቱ ለ5 ሰከንድ ነቅቶ 100 ሚሊ አምፒር እየወሰደ ልኬቱን ቢልክ፣ ለመላክ የሚያወጣው በቀን 3.3 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የሙከራ ሰሌዳው በእንቅልፍ ላይ ሳለ የሚበላው ግን በቀን 240 ይደርሳል። ባትሪው በ10 ቀን ያልቃል ማለት ነው። ለመስክ ተብሎ በተሠራ፣ በእንቅልፍ ጊዜ 0.05 ሚሊ አምፒር ብቻ በሚወስድ ሰሌዳ ግን ያው ባትሪ በስሌት ከ1 ዓመት በላይ ይቆያል። ለአፈር እርጥበት ደግሞ በቀን ሁለትና ሦስት ልኬት በቂ በመሆኑ ዕድሜው ከዚህም ሊረዝም ይችላል።

በቢሮ ጠረጴዛ ላይ በኮምፒውተር ገመድ ኃይል እያገኘ የሚሠራ መሣሪያ ይህን ችግር አያሳይም። ስለዚህ መሣሪያ ሊያስተዋውቅ ለመጣ ድርጅት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ “ያለ ገመድና ያለ ፀሐይ ኃይል ስንት ቀን ይቆያል?” የሚል ይሁን። ሁለተኛው ጥያቄ ሙቀትን ይመለከታል። ቺፑ ራሱ እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይችላል፤ የተለመደው የሊቲየም ባትሪ ግን ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ መደረግ የለበትም። በቆላው ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ዝግ የፕላስቲክ ሳጥን ከዚህ በላይ ሊግል ስለሚችል ነጭ ቀለም፣ ጥላና የአየር መተላለፊያ ሊኖረው ይገባል።

ቁጥሩ ይታመናል ወይ?

ርካሹ የአፈር እርጥበት ሴንሰር የሚሰጠው ቁጥር በቀጥታ የውሃ መጠንን አይገልጽም። ሴንሰሩ የሚለካው የአፈሩን የኤሌክትሪክ ባሕርይ ነው፤ ይህም በሸክላ መጠን፣ በጨውና በሙቀት ይለዋወጣል። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር ደግሞ ከሴንሰሩ ይላቀቃል፤ በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ የሚለካው አየሩን ነው። በገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ሴንሰሮች ብዙዎቹ ጠርዛቸው ውሃ እንዳያስገባ ስላልተሸፈነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተሳሳተ ልኬት መስጠት ይጀምራሉ።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ከማሳው ናሙና ተወስዶ ይመዘናል፤ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት በምድጃ ደርቆ እንደገና ይመዘናል፤ የክብደቱ ልዩነትም ከሴንሰሩ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ይህ ለአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ ለአርባ ምንጭ ግብርና ምርምር ማዕከል እንግዳ ሥራ አይደለም። በሌላ ሀገር አፈር የተስተካከለን ሴንሰር እንዳለ ተቀብሎ ለሙዝ አምራቹ “አጠጣ” ወይም “ተው” ማለት ግን ምርቱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በቦይ ላይ የሚገጠመው የውሃ ከፍታ መለኪያም የራሱ ጣጣ አለው። ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን በመጠበቅ የሚለካው ዓይነት በአየሩ ሙቀት ይሳሳታል። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ የድምፅ ፍጥነት በ3.5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሴንሰሩ ከውሃው 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ስህተቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በአነስተኛ ቦይ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የአንድ ሰው ድርሻ ነው። የሙቀት ማስተካከያ የሌለው መለኪያ ለውሃ ክፍፍል ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

መልእክቱ በምን ይሂድ?

ኪቱ ይዞት የሚመጣው ዋይፋይ ለቢሮና ለግቢ የታሰበ ነው። ውሃ ያዘለው ሰፊ የሙዝ ቅጠል ደግሞ ምልክቱን ይውጠዋል። ከማሳ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ለመድረስ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው የሞባይል ሲም ካርድ ነው፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ወርሃዊ ክፍያና ጠንከር ያለ ባትሪ ይጠይቃል። ሌላው ሎራ የተባለው ራዲዮ ነው፤ ጥቂት መረጃን በጥቂት ኃይል ኪሎ ሜትሮች ያሻግራል። ሎራ የሚፈልገው ከፍ ያለና ያልተጋረደ ቦታ ነው። የዞኑ መልክዓ ምድር እዚህ ላይ ያግዛል፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ከሚወጣው ተረተር ላይ ሆኖ ቆላውን አሻግሮ ማየት ይቻላል። ይሁን እንጂ ተቀባዩ ጣቢያ ኤሌክትሪክ፣ ኢንተርኔትና ጠባቂ ያስፈልገዋል። ማንኛውም የራዲዮ መሣሪያም ከመተከሉ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን የፍሪኩዌንሲና የመሣሪያ ፈቃድ መስፈርት ማሟላቱ መረጋገጥ አለበት።

ራዲዮ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። የአውስትራሊያው ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. የምርምር ተቋም ካበለጸጋቸው መሣሪያዎች አንዱ አፈር ውስጥ የሚቀበር ቀላል ማንቆርቆሪያ ነው፤ ውሃው ሥሩ ድረስ ሲደርስ ጠቋሚው ብቅ ይላል። ይህ መሣሪያ የአማራ ክልሉን የቆጋ መስኖ ጨምሮ በሀገራችን ተሞክሯል። ባትሪም ኔትወርክም አይፈልግም፤ ንባቡ ያለው እዚያው ማሳው ላይ፣ ውሃውን በሚለቀው ሰው ዓይን ፊት ነው። ፓምፕ ላለው አንድ አርሶ አደር ይህ ይበቃ ይሆናል። ገመድ አልባው ኪት የሚመረጠው መረጃው ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መድረስ ሲኖርበት ነው። የቦዩ ራስጌና ግርጌ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው።

በደጋው በኩልም ሌላ ጥቅም አለ። በጨንቻና በአካባቢው ድንች አምራቾችን የሚፈትነው፣ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ የሚስፋፋው ቀዝቀዝ ያለና እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አየር ለሰዓታት ሲቆይ ነው። የአየር ሙቀትና እርጥበት ሴንሰር እንደ አፈር ሴንሰር ለየማሳው አይስተካከልም፤ አንዱ ለአንድ መንደር ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይችላል። ለጀማሪ ፕሮጀክት ቀላሉ መነሻ ይህ ሊሆን ይችላል።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅስ?

የሰሌዳው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው። ሳጥን፣ ባትሪ፣ የፀሐይ ኃይል መሙያ፣ ምሰሶ፣ የመገናኛ ክፍያና የባለሙያ ጉዞ ከሰሌዳው ይበልጣሉ። መለዋወጫው ከውጭ የሚገባ በመሆኑም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ በብር የሚያዝ በጀት በየዓመቱ መከለስ ይኖርበታል። የፕሮግራም ማሻሻያ ከርቀት መጫን የማይቻልበት መሣሪያ ከሆነ ደግሞ አንዲት ስህተት ለማረም በየማሳው መዞር ግድ ነው። ግዢው ላይ ከተተከለው ቁጥር በተጨማሪ መጠባበቂያ መሣሪያ፣ የፕሮግራሙ ሙሉ ኮድና በአካባቢው ቴክኒክና ሙያ ተቋማት ላሉ ወጣቶች የጥገና ሥልጠና ካልተካተተ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መሣሪያውም ይዘጋል።

የባለቤትነት ጉዳይ በሕግ መሠረት አለው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ አውታርን የማስተዳደር ኃላፊነት ለማህበራት የሚሰጥ በመሆኑ፣ በቦይ ላይ የሚተከል መለኪያም በማህበሩ እጅ ቢሆን ይመረጣል። ልኬቱን ወረዳው ብቻ የሚያየው ከሆነ የራስጌው አርሶ አደር ሴንሰሩን ውሃዬን ሊቀንስ የመጣ ሰላይ አድርጎ ሊያየው ይችላል። የግርጌው አርሶ አደር ደግሞ ቁጥሩ እየታየ ውሃው ካልደረሰው በቴክኖሎጂውም በአስተዳደሩም ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ምሰሶው ከመተከሉ በፊት ቁጥሩ ከዚህ በታች ሲወርድ ማን ምን ያደርጋል የሚለው በማህበሩ ጉባኤ ተወስኖ በመተዳደሪያ ደንቡ መስፈር አለበት። መልእክቱም በአማርኛና በጋሞኛ፣ ተራ ስልክ ላለውም በሚደርስ አጭር ጽሑፍ ወይም ድምፅ ይሁን።

ለወረዳ ኃላፊዎች የሚቀርበው ምክረ ሐሳብ በጥቂት መሣሪያ መጀመር ነው። አንድ ቦይ ተመርጦ በራስጌው፣ በመሃሉና በግርጌው ላይ መለኪያ ተተክሎ አንድ ሙሉ የበጋ የመስኖ ወቅት ይታይ። ከጎኑም ፓምፕ ያላቸው ጥቂት ፈቃደኛ አርሶ አደሮች የአፈር ሴንሰሩን ከማንቆርቆሪያው ጋር ጎን ለጎን ይሞክሩት። በወቅቱ መጨረሻ የሚቆጠረው የተላከው መልእክት ብዛት ሊሆን አይገባም። ስንት መሣሪያ ሳይቋረጥ ሠራ፣ የተበላሸውን ማን በስንት ቀን ጠገነው፣ ስንት ሊትር ነዳጅ ቀረ፣ የግርጌው ማሳ ተራውን ስንት ጊዜ በሰዓቱ አገኘ የሚሉት ይቆጠሩ። ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ወረዳ ቀጣዩን ግዢ በልበ ሙሉነት ሊፈጽም ወይም በበቂ ምክንያት ሊተወው ይችላል።