ሲሾም የበላ፣ ሲሻር ብቻ ይከሰሳል

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። የመንግሥት ኩባንያ በበዛበት አገር ግን ተረቱ ሌላ ግማሽ አለው፦ ሲሾም የበላ፣ ሲሻር ብቻ ይከሰሳል።

ሜቴክን እንውሰድ። በ2002 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ስኳር ፋብሪካው፣ የሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካው ተሰጠው። ኅዳር 2011 ላይ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ፣ ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ነገሩን። ኃላፊው የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘውም ተያዙ።

በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሕጉ የት ነበር? የወንጀል ሕጉ ከ1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ፖሊስም፣ ፀረ ሙስና ኮሚሽንም ነበሩ። ያልነበረው የሥልጣን ለውጥ ብቻ ነው።

ጥረትም ያው ነው። በረከት ስምዖንና ታደሰ ካሳ የተያዙት ጥር 2011 ላይ፣ ብአዴን ከማዕከላዊ ኮሚቴው ካገዳቸው ከወራት በኋላ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው። የኔ ጥያቄ ወንበር ላይ ሳሉ ለምን ማንም አልጠየቃቸውም የሚል ነው።

«ይህ የትልልቆቹ ጉዳይ ነው፤ ደቡብ ጎንደርን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያዩ ይመረትበታል የተባለው ዩሪያ ነበር፤ ሜቴክ ሳያጠናቅቀው ቀረ። በ2015 ክረምት የክልላችን ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ጮኋል። ያዩ ቢያልቅ ችግሩ ሁሉ ይፈታ ነበር አልልም። ግን የባከነው ገንዘብ የፋርታና የፎገራ ገበሬም ገንዘብ ነው።

መንግሥት ተጎዳሁ ሲል ደግሞ ሕጉ እንዴት እንደሚሮጥ አይተናል። መጋቢት 2016 ላይ የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ ሲያወጡ፣ ባንኩ የሰዎችን ስምና ፎቶ በአደባባይ ለጠፈ። ገንዘቡ መመለስ ነበረበት፤ አያከራክርም። ግን ተማሪውን በሳምንታት የደረሰበት ሕግ፣ ሜቴክ ዘንድ ለመድረስ ስድስት ዓመት ለምን ፈጀበት?

ሕግ አጥተን አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34 ከድርጅታዊ ተጠያቂነት ነጻ የሚያደርገው የመንግሥትን የአስተዳደር አካላት ብቻ ነው። የንግድ ድርጅት፣ የመንግሥትም ቢሆን፣ ሕግ በግልጽ በደነገገባቸው ወንጀሎች ይቀጣል። እንቅፋቱ ባለቤትነቱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ ባለፋብሪካውም ዳኛውም እሳቸው ነበሩ። ዘመኑ ነው፣ እንለፈው። በ2014 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሲቋቋም ግን የቦርዱ ሰብሳቢ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆኑ። የፍትሕ ሚኒስትሩን ለፓርላማ የሚያቀርቡትም እሳቸው ናቸው። ታዲያ የትኛው ዐቃቤ ሕግ ነው የአለቃውን ኩባንያ በር የሚያንኳኳው?

መንግሥት ኩባንያ አይኑረው አላልኩም፤ አየር መንገዳችን ኩራታችን ነው። የምለው ሦስት ነገር ነው። ሚኒስትር ከቦርድ ይውጣ። የዋና ኦዲተር ግኝት በቀጥታ ለዐቃቤ ሕግ ይድረስና በቀን ገደብ ለሕዝብ መልስ ይሰጥበት። ዐቃቤ ሕጉም ተጠሪነቱ ለፓርላማ ይሁን።

ይህ እስካልሆነ ድረስ የዛሬዎቹን ፋይል የምናነበው እነሱም ሲሻሩ ነው። ገንዘቡ ግን ያኔ የለም።