አምፖልንም እንደ ነጠላ

እኔ ያደግሁት በሸማ ተራ ነውና የገዢውን ጠባይ አውቃለሁ። ነጠላ የምትገዛ እናት ፈትሉን ትዳስሳለች፤ ጥለቱን ትገለብጣለች፤ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ትጠይቃለች። አምፖል ስትገዛ ግን ርካሹን አንሥታ ትሄዳለች። ምክንያቱም የአምፖሉ ዋጋ ዛሬ ይታያል፤ የመብራት ሒሳብ ግን በኋላ ይመጣል። የሰው ልብ ደግሞ ለቅርቡ ያደላል።

በቀን 5 ሰዓት የሚበራ ባለ 60 ዋት የድሮ ቢጫ አምፖል በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ተመጣጣኝ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ግን 1.35 ብቻ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ርካሹ የትኛው ነው?

በ2001 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን የድሮውን አምፖል ተቀብሎ ቆጣቢውን በነጻ ይለውጥ ነበር። ሥራው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ያ አምፖል ሲቃጠል ተተኪውን የሚመርጠው ገዢው ራሱ ነው።

ስለዚህ ባለሱቆች ከመሸጫው ዋጋ አጠገብ አምፖሉ በወር የሚያስከፍለውን በብር ይጻፉ። ኪሎዋት የማይገባው ሰው ብር ይገባዋልና። እኛም ተማሪዎች ሒሳቡን ለወላጆቻችን እናስላ። በየወሩ የሚተርፈው ብር ለደብተራችን ይሆናል።