ለሱቅ ጸሓፊ የሚስማማው የጽሑፍ ማረሚያ

የቢቸና ወይም የሞጣ ነጋዴ የፈቃድ ክፍያ ለማስቀረት ሲል የዩኒክስ ዘመድ የሆነውን ሊኑክስን በኮምፒዩተሩ ቢያስገባ፣ መልካም አደረገ። ነገር ግን ጸሓፊው የዕቃ ማዘዣውንና የሒሳቡን መግለጫ በምን ፕሮግራም ይጻፍ የሚለውን ሳይመረምር ቢቀር፣ ያተረፈውን ገንዘብ በሥራ መጓተት ይከፍለዋል።

ቢል ጆይ በ1976 እ.ኤ.አ. የሠራው ቪአይ በብዙ ማሽን ላይ ይገኛል፤ የለመደውም ሰው ፍጥነቱን ያመሰግናል። ሆኖም «አይ» የምትባለውን የላቲን ፊደል አስቀድሞ ያልነካ ጸሓፊ፣ የሚጽፈው ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይቆጠርበታል፤ መስመር እስከ መሰረዝም ይደርሳል። መውጫውን መፈለግማ ሌላ ድካም ነው።

ናኖ ግን ትእዛዞቹን ከገጹ ግርጌ ጽፎ ያሳያል። ኮንትሮልን ከ«ኦ» ጋር ሲጫኑ ጽሑፉ ይቀመጣል፤ ከ«ኤክስ» ጋር ሲጫኑ ይዘጋል። ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም።

ይሁን እንጂ መብራት በድንገት ሲጠፋ ናኖ ይደክማል። የቪአይ ተተኪ ቪም በየ200 ፊደሉ፣ ወይም እጅ ለ4 ሰከንድ ሲያርፍ፣ መጠባበቂያ ይጽፋል፤ ኢማክስም በየ300 የቁልፍ ምቱ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ናኖን የመረጠ ነጋዴ፣ ጸሓፊው በየአንቀጹ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይገባዋል።

የአማርኛው ደብዳቤ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የሊኑክስ ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከ512 የማይበልጥ የፊደል ቅርጽ ስለሚይዝ፣ ለፊደላችን አይመችም። ኢማክስ በመስኮት ሲከፈት የግዕዝ መጻፊያ ዘዴ በውስጡ አለው፤ ትምህርቱ ግን ረጅም ስለሆነ፣ ለሱቅ ጸሓፊ ጌዲት የተባለው ቀላል ፕሮግራም ይበቃዋል።